ጭላዳ ሣሩን ብቻውን አይበላም

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚገባ መንገደኛ ሁለት አገር እያየ ይሄዳል። በግራው ጮቄ ተንጣሏል፤ በቀኙ ምድሩ እየቆለቆለ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። መካከሉ የጤፍ አገር ነው፤ መረሬውም ቀዩም አፈር ታርሶ ያደረ። ለዱር እንስሳ የቀረለት ዳር ዳሩ ነው፦ ገደላ ገደሉ፣ የደብሩ ደን፣ በጮቄ ራስ ላይ ጅባራና ጓሳ የተረፈበት ውርጫማ ሜዳ።

በዚያ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። አሁን የለም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም፤ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ፣ በወሎ ደጋዎች፣ በአርሲና በባሌ የተረፈው ተደምሮ ከ500 ያነሰ ነው። በጮቄ ግን እርሻው ወደ ላይ ሲገፋ፣ ገብስና ድንቹ ውርጩን እየደፈረ ሲወጣ፣ የቀበሮው አገር ጠብቦ ጠብቦ አለቀ። አንድ እንስሳ ከአገሩ ሲጠፋ አብሮት ምን ይጠፋል? ይመለስ ቢባልስ ምን ምን ተሟልቶለት ነው የሚመለሰው? ይህ ጥያቄ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ቢነሣ መልሱ ስለ ምግብ፣ ስለ መጠለያና ስለ በሽታ ይሆን ነበር። ዛሬ ከነዚህ ጋር የሚቆጠር አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በእንስሳው አንጀት ውስጥና በቆዳው ላይ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን።

ሳይንቲስቶች ማይክሮባዮም የሚሉት የነዚህን ተሕዋስያን ማኅበር ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ምግብ ያልማሉ፣ ቫይታሚን ይሠራሉ፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም ገና በልጅነት ያሠለጥናሉ፣ ቦታውን ቀድመው ስለያዙም በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በቀላሉ እንዳይሰፍሩ ያደርጋሉ። ግልገል ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ ይህ ማኅበር ገና አልተሠራለትም። ሲወለድ ከእናቱ ገላ፣ ቀጥሎ ከወተቷ፣ ከምላሷ፣ ከመንጋው፣ ከአፈሩና ከሚበላው ቅጠል እየተቀበለ ይገነባዋል። የቢቸና እናት ከቡኮዋ እርሾ አስቀርታ ለሚቀጥለው ታቆያለች፤ እርሾዋ ከተበላሸም ከጎረቤት ትዋሳለች። እንስሳም የሚኖረው በዚሁ ውርስና ውሰት ነው። መንጋው ሲበተን፣ ደኑ ሲቆራረጥ፣ የሚበላው ዕፅ ዓይነቱ ሲያንስ የሚዋስበት ጎረቤት ያጣል።

ይህን ከማንም ይልቅ አስረግጦ ያሳየን ከዐባይ ማዶ ያለው ጭላዳ ነው። ስለዚህ በጭላዳ ላይ ትንሽ ረዘም አድርገን እንቆይ።

ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሣር ግጦ የሚያድር ብቸኛው ፍጥረት ነው። በደጋ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን እየነጨ ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ማታ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ጣቶቹም ጥርሶቹም ለዚህ ሥራ የተበጁ ናቸው። ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባው ሆዱ ነበር። በግና ላም ሣር የሚያሸንፉት ብዙ ክፍል ባለው ጨጓራቸው ውስጥ አብላልተው፣ መልሰው እያመሰኩ ነው። ጭላዳ አያመሰኳም፤ አንጀቱም ከሌሎች የዝንጀሮ ዘመዶቹ አንጀት እምብዛም አይለይም። ታዲያ ያንን ሁሉ ገለባ መሰል ሣር በምን ኃይሉ ይፈጨዋል?

መልሱን ለማግኘት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ወደ መንዝ ጓሳ ሄዱ። ጓሳ ለዚህ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንዝ ሕዝብ ይህን ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች በወረሰው የቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በድርቅ ወይም በችግር ጊዜ በደንቡ መሠረት ይከፈታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም ሕዝቡ አልጣለውም፤ ጓሳ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ያልተጎዳ ደጋ ውስጥ የሚኖር ጭላዳ በሆዱ ምን ይዟል ብሎ መጠየቅ የተቻለውም ሥፍራው ስለተጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት የጭላዳውን አንጀት ከሌሎች ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች አንጀት፣ ከሰውም አንጀት፣ አልፎም ከበግ ጨጓራ ጋር አስተያይቷል። ጭላዳው ከሌሎቹ ዘመዶቹ ይልቅ፣ በሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ የሚታወቁትን ሴሉሎስ ሰባሪ ባክቴሪያዎች እጅግ አብዝቶ ይዟል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ጠንካራውን የሣር ክር ሰብረው አጫጭር የቅባት አሲዶችን ያወጣሉ፤ ከሣሩ ክር ለጭላዳው ጉልበት የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው። አካሉ ሊሠራ ያልቻለውን የበግ ሥራ ተሕዋስያኑ ሠሩለት ማለት ነው። የማኅበር አኗኗሩም በአንጀቱ ውስጥ አሻራውን ትቷል፤ ጭላዳ ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ መንጋ ከመንጋ ተያይዞ የሚኖር እንስሳ ነው።

ሁለተኛው ጥናት የተሠራው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ተመራማሪዎች ጭላዳዎቹን አንድ በአንድ በመልክ ለይተው ለዓመታት ሲከተሉ ቆይተዋል። አሊስ ባንየልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ሥራ በ758 ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በዱር ከሚኖሩ የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች የአንጀት ተሕዋስያን ላይ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያን ያህል ናሙና የሰበሰበ አልነበረም። ውጤቱን የደጋ ገበሬ ሲሰማው ወዲያው ይገባዋል። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲለመልም በጭላዳው አንጀት ሣር የሚሰብሩት ባክቴሪያዎች ይነግሣሉ። በጋው ሲበረታ ጭላዳው አፈር እየጫረ ሥራሥር ይበላል፤ ያኔ ስታርች የሚፈቱት ባክቴሪያዎች ተራውን ይረከባሉ። ብርድና ድርቅ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ኃይል ከማውጣት ጋር የተያያዙት የባክቴሪያ ጂኖች ይበረክታሉ። እንስሳው በራበውና በበረደው ሰዓት ሆዱ ውስጥ ያለው ማኅበር ሥራውን የሚያጠናክር ይመስላል። ሙቀትና ብርድ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ዝናብ ከሚያሳድረው ያነሰ ቢሆንም ታይቷል።

ከዚሁ ከሰሜን ተራሮች፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የታተመው ሌላ ጥናት ወደ ግልገሎቹ ዞሯል። የጭላዳ ግልገል አንጀት በመጀመሪያ ወተት በሚወዱ ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው፤ ጡት እየተወ ሣር ሲለማመድ እንደ ትልልቆቹ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱ እናቶች ግልገሎች ግን ይህ ብስለት ዘግይቶባቸው ተገኝቷል። እኔ ከሁሉም በላይ የማስበው በዚህ ግኝት ላይ ነው። የአንድ መንጋ ጤና የሚለካው በጭንቅላት ቆጠራ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያልና። አሮጊቶቹ እናቶች በጥይት፣ በበሽታ ወይም በረሃብ ያለቁበት መንጋ ቁጥሩ ቢሞላ እንኳ ግልገሎቹ የሚያድጉት በሌላ ሁኔታ ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው እንስሳውን ሳይነኩ ነው። ተመራማሪው መንጋውን ይከተላል፤ አንዱ ሲጸዳዳ ማንነቱን ይመዘግብና ኩሱ ሳይደርቅ ትንሽ ቆንጥሮ በጠርሙስ ፈሳሽ ውስጥ ይከታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዲኤንኤው ይወጣል። ባክቴሪያ ሁሉ የሚጋራው፣ ከዓይነት ዓይነት ግን መጠነኛ ልዩነት ያለው 16ኤስ የሚባል ጂን አለ፤ እሱን በማንበብ በዚያች ቁንጣሪ ውስጥ የትኞቹ ባክቴሪያዎች በምን ያህል ድርሻ እንዳሉ ይታወቃል። ከኩስ የጭንቀት ሆርሞን መለካትም፣ የሆድ ትል እንቁላል መፈለግም፣ የተበላውን ዕፅ መለየትም ይቻላል። ማደንዘዣ የለም፣ ወጥመድ የለም፣ ደም መቅዳት የለም። ቁጥሩ ለተመናመነ እንስሳ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለማደንዘዝ የተተኮሰች መርፌ በገደል አፋፍ ላይ ያለ እንስሳ ልትገድል ትችላለችና።

የሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ደቡብ እንውረድ። የባሌ ጦጣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ደኖች ብቻ የምትገኝ ናት፤ በኦዶቡሉ ደን ውስጥ ከምግቧ ከሦስት አራተኛ በላዩ ቀርከሃ ነው፤ በተለይም ለጋ ቅጠሉ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አዲሱ መኮንን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏታል። እሱም የተሳተፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት የባሌ ጦጣንና የቅርብ ዘመዶቿን የአንጀት ተሕዋስያን አነጻጽሯል። የሰው ጫና በተለያየባቸው ሥፍራዎች የሚኖሩት ጦጣዎች በአጭር ርቀት ውስጥ እንኳ የተለያየ የአንጀት ማኅበር ይዘው ተገኙ። ከሁሉም የሚያስገርመው የወቅቱ ነገር ነው። ክረምትና በጋ በአንጀታቸው ላይ ጎልተው የታዩት የሰው እንቅስቃሴ ባነሰበት አካባቢ ነበር፤ ሰው በበረታበት ግን የወቅቱ ልዩነት ደብዝዟል። ጭላዳው ወቅቱን ተከትሎ ሆዱን እንደሚለዋውጥ ካየን በኋላ ይህ መደብዘዝ ቀላል ነገር ሆኖ አይታየኝም።

ተመሳሳይ ትምህርት ከባሕር ማዶም ይገኛል። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ከአውስትራሊያ ነው። ዛሬ ቢቸናም ሞጣም ባሕር ዛፍ የሌለው ደጅ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከብቶቻችን ግን ቅጠሉን አይነኩትም። በትውልድ አገሩ በዚህ መራራ ቅጠል ብቻ የሚኖር ኮኣላ የሚባል እንስሳ አለ። የኮኣላ እናት ልጇን ከወተት ወደ ቅጠል ስታሸጋግር ከራሷ አንጀት የሚወጣ ለስላሳ ኩስ ታበላዋለች፤ ለዚያ ቅጠል የሚያስፈልጉት ባክቴሪያዎች በዚያ መንገድ ይተላለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኬፕ ኦትዌይ በሚባለው አካባቢ ኮኣላዎች በዝተው አንዱን የባሕር ዛፍ ዓይነት ጨርሰው በሉና ብዙዎቹ በረሃብ አለቁ። ሌላ ዓይነት ባሕር ዛፍ በአጠገባቸው ቆሞ ነበር። ሚካኤላ ብላይተንና ባልደረቦቿ ምክንያቱን ከአንጀታቸው ፈለጉ፤ ሌላኛውን ዛፍ ከሚበሉ ኮኣላዎች ኩስ ወስደው በእንክብል አድርገው ለጥቂት ኮኣላዎች ሰጡ። የተቀባዮቹ የአንጀት ተሕዋስያን ተለወጡ፤ ይበልጥ በተለወጡት ዘንድ የዚያኛው ቅጠል አበላል ጨመረ። እንስሳ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውር ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባል። ምግብ ያለበት አገር ማድረስ አንድ ነገር ነው፤ ምግቡን የሚፈታ ሆድ ይዞ መድረስ ደግሞ ሌላ።

በእንስሳት ማቆያዎች ተወልደው የሚያድጉ ሴት የደቡብ ነጭ አውራሪሶች አለመውለድም ወደዚሁ መንገድ መርቷል። የሚሰጣቸው አልፋልፋና አኩሪ አተር ሴቴ ሆርሞን መሰል ቅመም አለው፤ የአንጀት ባክቴሪያዎቻቸውም ይህን ቅመም ይለውጡታል። በሳንዲያጎ ይህ መኖ ከተቀነሰ በኋላ መክነዋል የተባሉ አውራሪሶች አርግዘዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ሳይንስ ላይ ተስፋ ሲጣል ልክ ያስፈልገዋል። የእንቁራሪቶች ታሪክ ይህን ያስተምራል። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ የእንቁራሪት ቆዳ እያጠቃ በዓለም ላይ ብዙ ዘር አጥፍቷል፤ በኢትዮጵያ ደጋዎችም በብዛት እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። አንዳንድ እንቁራሪቶች ቆዳ ላይ ጃንቲኖባክቴሪየም የሚባል ሐምራዊ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ፈንገሱን የሚገታ ንጥረ ነገር ያመነጫል። በካሊፎርኒያ ተራሮች የሚኖር እንቁራሪት ላይ ባክቴሪያውን ቢቀቡት ከሞት አዳነው። ይኸው ባክቴሪያ ለፓናማው ወርቃማ እንቁራሪት ሲሰጥ ግን ቆዳው ላይ አልበረከተም፤ እንቁራሪቶቹም አልዳኑም። ለአንዱ መድኃኒት የሆነ ማኅበር ለሌላው አይሆንም። «ጤናማ» የምንለው የአንጀት ማኅበርም ለእንስሳ ሁሉ አንድ ልክ የለውም፤ የሰሜን ተራሮቹ ጭላዳ በክረምትና በበጋ እንኳ ሁለት ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን በተወሰደ አንድ ናሙና ላይ ተነሥቶ እንስሳው ታሟል ወይም ድኗል ማለት አይቻልም። የታወቀ እንስሳ ለዓመታት መከተልን የሚተካ የለም።

የሰው ጎረቤትነትም አለ። በሰሜን ተራሮችና በጓሳ ያሉ ጭላዳዎች ሰውነታቸው ላይ ትልልቅ እባጭ በሚያወጣ የኮሶ ዘመድ በሆነ ትል ይጠቃሉ፤ የዚህ ትል ዋና ተሸካሚዎች እንደ ውሻ ያሉ እንስሳት ናቸው። ቀይ ቀበሮንም ደጋግሞ የጨረሰው ከውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥጋ ጉራሽ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ማንም ሳይንቲስት ገንዘብ ቀንሶ ለባክቴሪያ ቆጠራ እንዲሰጥ አልፈልግም። ውሻ መከተብ፣ ግጦሽ መከለል፣ እርሻን ከአፋፉ መመለስ ይቀድማል። ማይክሮባዮም የሚረዳን እነዚህ ሥራዎች ለእንስሳው ደርሰውት እንደሆነ ቁጥሩ መቀነስ ሳይጀምር ለማወቅ ነው።

ጎጃም ውስጥ ይህ ሥራ ሊጀመርበት የሚገባውን ቦታ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የደብር ደኖቻችን አሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ባደረገው ጥናት ከአካባቢው ሜዳ የጠፉ አገር በቀል ዛፎች በቅጥሩ ውስጥ ተጠብቀው መኖራቸውን አሳይቷል፤ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖም ደኖቹ በከብት እንዳይረገጡ ዙሪያቸው በድንጋይ ካብ እንዲታጠር ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሠርቷል። በነዚህ ደኖች ከሚጠለሉት አንዱ ጉሬዛ ነው። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ እንደ ጭላዳ ሳይሆን ጨጓራው ራሱ በክፍል በክፍል የተከፈለና ባክቴሪያ የሚያብላላበት ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት በቀረች ደን ውስጥ ሲታጠር የሚያገኘው የቅጠል ዓይነት የተቆጠረ ነው፤ ከሌላ ደን ጉሬዛ ጋር የመገናኘት ዕድሉም ጠባብ ነው። የባሌ ጦጣ ላይ የታየው የወቅት መደብዘዝ በጉሬዛው አንጀት ላይም አለ ወይ? ካቡ የታጠረለት ደን ቁጥቋጦው ሲያንሰራራ ሆዱስ አብሮ ያንሰራራል? ጥያቄው የተዘጋጀ ነው፤ ደኑም እንስሳውም እዚሁ ናቸው።

መሠራት ያለበትም ከባድ አይደለም። ደኑ ሰፋ ካለው ደብርና ጠበብ ካለው ደብር፣ በተጨማሪም ከዐባይ ሸለቆ አፋፍ፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ፣ አንድ ጊዜ በመጋቢት፣ ለተከታታይ ዓመታት የጉሬዛና የዝንጀሮ ኩስ መሰብሰብ ነው። በሸለቆው ያለው ዝንጀሮ ማሽላና በቆሎ እየዘረፈ ከገበሬው ጋር የተጣላ ነው፤ የሆዱ ማኅበር ምን ያህል ከዱር፣ ምን ያህል ከማሳ እንደሚመገብ ቢታወቅ ለዚያ ጠብም መላ ለመፈለግ ይረዳል። መንጋው የት እንደሚያድር፣ በስንት ሰዓት ወደ ምን ዛፍ እንደሚወጣ ከደን ጠባቂውና ከቆሎ ተማሪው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ለዚህ ሥራ ቀዳሚ ባልደረቦች መሆን አለባቸው። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከቢቸናም ከሞጣም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ናቸው። መብራት የማይገባበት ቦታ ላይ እንኳ ናሙናው አይበላሽም፤ 95 በመቶ በሆነ ኤታኖል ውስጥ ከገባ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ይቆያል፤ በአውቶቡስ ተጭኖ ባሕር ዳር እስኪደርስ ጊዜው ከበቂ በላይ ነው።